ፀጉሩ ከባድ ነው

የሕንፃው ባለቤት ክፉ ሴት አልነበረችም። ነገሩን ለመምህርቷ የነገረቻትም በደግ ቃል ነው፤ ደረጃው ላይ አስቁማ፣ ቁልፎቿን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረች።

«የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ሰዎች ክፍሉን ጠይቀውኛል» አለቻት። «አንቺንም እወድሻለሁ። ግን ማታ ማታ በኮሪደሩ ሳልፍ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ አንቺ ትያለሽ፣ እነሱ ይደግማሉ። በቀቀን ለማስተማር ክፍል ምን ያደርጋል? ነገ መጥቼ እቀመጣለሁ። አንዳቸው አፉን ከፍቶ የራሱን ነገር ሲናገር ከሰማሁ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልሰማሁ ግን አትቀየሚኝ።»

መምህርቷ ሌላ ክፍል ለመከራየት አቅም አልነበራትም። ይህ ክፍል ከሄደ ትምህርቱም መሄዱ ነው። ወደ ላይ ወጥታ ለተማሪዎቿ «ነገ እንግዳ አለን፤ ክፍሉን የሚሰጡን እትዬ ናቸው» ብቻ አለቻቸው። ቀሪውን እንዳይደነግጡ ብላ ዋጠችው።

ተማሪዎቹ አራት ነበሩ፤ ሁሉም ከሥራ በኋላ የሚመጡ። አናጺው ጆሮው ላይ እርሳስ እንደሰካ ይመጣል። ፀጉር ቆራጩ ወሬኛ ነው። ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ ትልቁ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን ሻንጣ ይሸከማሉ። አራተኛዋ ዳቦ ጋጋሪዋ ነች፤ ትምህርቱ ከተጀመረ ጀምሮ በእንግሊዝኛ አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም። ፀጉር ቆራጩ «አፏ በሊጥ ተለጥፏል» ይላታል፤ እሷም ፈገግ ብላ ታልፈዋለች።

የዚያን ቀን ትምህርት እንግሊዝኛ ስለማይቆጥራቸው ነገሮች ነበር። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች አራት ቃላት ጻፈች፤ ፈርኒቸር፣ ሄር፣ ለጌጅ፣ ብሬድ። የቤት ዕቃ፣ ፀጉር፣ ጓዝ፣ ዳቦ። እነዚህ የቱንም ያህል ቢከመሩ «ናቸው» አይባሉም፤ «ነው» ነው የሚባሉት፤ በስማቸው ፈንታ የሚገባውም «ኢት» ብቻ ነው አለቻቸው።

አናጺው አልተዋጠለትም። «ስድስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ሠርቼ ‹እሱ› ይባልልኝ? ገዢ ይህን የሰማ እንደሆነ የአንዱን ከፍሎኝ ሊሄድ ነው!»

«የፀጉሩስ ልክ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ማን ይቆጥረዋል? የጋሼን ካልሆነ በቀር።»

ጋሼ መላጣቸውን ዳበስ አደረጉ። «የማይቆጠረውስ ያንተ ምላስ ነው።»

ትምህርቱ ሲያልቅ ፀጉር ቆራጩ ሦስቱን ጠርቶ ሱቁ አስገባቸው፤ አንዱን በሚሽከረከረው ወንበር፣ ሌሎቹን በአግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«ስሙኝ። ቲቸርን እንግዳ ፊት ማሳፈር የለብንም። እሷ እንደሆነ ጥያቄ የምትጀምረው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ወንበር ነው፤ ቃሉንም ከላይ ወደ ታች ነው የምትወስደው። አናጺው አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ጋሼ ሦስተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ አራተኛ። እያንዳንዳችን የሙያችንን ቃል ይዘን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደ ውሃ እንጠጣለን። አለቀ!»

የልጁን የትምህርት መጽሐፍ አወጣና ዓረፍተ ነገሮቹን አቀናበሩ። ከዚያ በመስተዋቱ ፊት እየተፈራረቁ አጠኑ። ጋሼ ሲሳሳቱ ራሳቸውን በቡጢ ይመታሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር።

በማግስቱ የሕንፃው ባለቤት በሰዓቷ መጣች። ክፍሉን ቃኘችና ለበሩ ቅርብ የሆነው ወንበር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የአናጺው፣ የመጀመሪያው ወንበር ነው። ከኋላዋ የገባው አናጺ ቆሞ አያት። ተነሺልኝ ይበላት? አንገቱን ሰበር አድርጎ ሄደና ከሁሉም መጨረሻ ተቀመጠ። ፀጉር ቆራጩ ተራው በአንድ እንደተዛባ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ነገር ግን የሚያደርገው አልነበረም።

መምህርቷ እንግዳዋን አልፋ ከእሱ ጀመረች። በዱላዋ የመጀመሪያውን ቃል ነካችና በእንግሊዝኛ «ስለ ፈርኒቸር ንገረኝ» አለችው።

ፀጉር ቆራጩ ተነሣ። የሚያውቀው ያው ስለ ፀጉር ያጠናው ብቻ ነው።

«ኢት ኢዝ ኦን ዘ ፍሎር። አይ ስዊፕ ኢት» አለ በሚያምር ድምፅ። ወለሉ ላይ ነው፤ እጠርገዋለሁ ማለቱ ነው።

መምህርቷ ግራ ገባት። ወደ ጋሼ ዞረች። «ስለ ሄርስ?»

ጋሼ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። «ኢት ኢዝ ሄቪ። አይ ቴክ ኢት አፕስቴርስ።»

ከባድ ነው፤ ወደ ላይ አወጣዋለሁ። ባለቤቷ ብዙ እንግሊዝኛ ባታውቅም ፀጉር ሸክም እንደማይሆን ታውቃለች። ቁልፎቿን ከጭኗ ላይ አነሣች። መምህርቷ ምን እንደተደረገ ያን ጊዜ ገባት። የከፋው ደግሞ የሰዋስው ስህተት አለመኖሩ ነው። ያስተማረችው «ኢት» በየቦታው፣ እንዳለችው ተቀምጧል። ከዚህ የተሻለ በቀቀን ከየት ይመጣል?

ቢሆንም ትምህርቱን ማቋረጥ አልቻለችም። ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ዞረች። «ስለ ለጌጅ ንገሪኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ተነሣች። የተሰጣት ዓረፍተ ነገር «ትኩስ ነው፤ ብሉት» የሚል ነው። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ሻንጣ ብሉ ልትል እንደሆነ ገብቷታል። ፀጉር ቆራጩ በዓይኑ ይለምናት ጀመር፤ በይው፣ ዝም ብለሽ በይው። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች።

«ኖ» አለች። ድምፅዋ ወፍራም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሰሙት ገና አሁን ነው። «ለጌጅ… አይ ኖ ሃቭ። አይ ሃቭ ብሬድ።»

ባለቤቷ ቁልፎቿን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ማይ ብሬድ አር ጉድ። ኤቭሪ ሞርኒንግ አይ ሜክ ዘም።»

መምህርቷ ጠመኔዋን ጨበጠች። ዳቦውን «ናቸው» ብላ ቆጥራዋለች፤ የትናንቱ ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ገደል ገብቷል፤ ያውም በሕንፃው ባለቤት ፊት። እርማቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የዳቦ ጋጋሪዋን ዓይን አየችና መልሳ ዋጠችው።

«ቢግ ሆቴል ኖ ባይ ማይ ብሬድ» ቀጠለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ዳቦዬን አይገዙም ማለቷ ነው። «ሆቴል ባይ ባድ ብሬድ!»

ጋሼ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ባድ? ማይ ሆቴል?»

«የስ! ዩር ሆቴል! ብሬድ ላይክ ስቶን!» እንደ ድንጋይ የጠነከረ ማለቷ ነው።

«ኖ ስቶን!» አሉ ጋሼ ለሆቴላቸው ተቆጥተው። ትንሽ አሰቡና ሐቀኝነት አሸነፋቸው። «ሞርኒንግ ኖ ስቶን። ኢቭኒንግ… ሊትል ስቶን።» ወዲያው ወደ መምህርቷ ዞረው በአማርኛ፣ «ቲቸር፣ ‹ጥርስ ይነቅላል› እንዴት ነው የሚባለው?»

«ብሬድ ኢዝ!» ሲል ጮኸ አናጺው ከኋላ፤ የእሱ ተራ ሳይደርስ ነገሩ ማለፉ ቆጭቶታል። «ኖት አር! ኢዝ!»

«ኦኬ፣ ኢዝ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትዞር። «ማይ ብሬድ ኢዝ ጉድ። ሺ ኢዝ ቬሪ ጉድ!»

«እሷ ማን ናት?» ስትል ባለቤቷ በአማርኛ ጠየቀች።

«ዳቦዬ ናት፣ እትዬ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቷም ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

«የመጀመሪያውን ጥናት ማን ነው ያቀነባበረው?»

ፀጉር ቆራጩ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቲቸር ምንም አታውቅም። እንዳታፍር ብለን ነው።»

«እናንተማ ቀብራችኋት ነበር! ፀጉር ደረጃ ሲወጣ ስሰማ ክፍሉን በልቤ ለኮምፒውተር ሰጥቼዋለሁ።» ወደ መምህርቷ ዞረች። «ኮምፒውተሮቹ ታች ይገባሉ። እዚያ ካለው ስፌት ቤት አጠገብ ያለው ማከማቻ ባዶ ነው፤ ይለቀለቅና ይሆናል። አንቺ እዚሁ ቆዪ። እኔ ግን ደግሜ እመጣለሁ፤ መቼ እንደሆነ አልነግርሽም።»

ስትወጣ ፀጉር ቆራጩ ራሱን በእጆቹ ያዘ። «ኧረ ምን ነካኝ! አጥፍቼሽ ነበር እኮ፣ ቲቸር።»

«ቀድሜ እውነቱን ብነግራችሁ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር» አለች መምህርቷ። ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች፤ ለነገው ያዘጋጀችው ትምህርት እንደማይሆን እያሰበች። ሰዎቹ መናገር ጀምረዋል፤ የሚናገር ሰው ደግሞ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ፈራች፤ ደስም አላት።

ጋሼ ኮታቸውን እየለበሱ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ጠጋ አሉ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሦስት ትኩስ ሙልሙል ይዘሽ በጓሮ በር ነይ። ሥራ አስኪያጁ ጋር አደርስሻለሁ። የኛን ቋንቋ ግን አይሰማም፤ የምትናገሪው ራስሽ ነሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ነኝ ስቶን ያልኩት?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ጋ ደረሰችና ተመለሰች። «ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ቦታ ተሳሳትኩ?»

«ብዙ ቦታ።»

«ዛሬ አትንገሪኝ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ከሆቴሉ ስመለስ ትነግሪኛለሽ።»