አለቀ ወይስ ጨረሱት

ይሄይስ ከጥርሱ መሃል የጎለጎላትን ብጣሽ ሥጋ በጣቱ ወደ ኩሬው አስፈነጠረና፣ «በይ እንግዲህ፣ ውሃው አለቀ በይልኝ» አላት።

ቱርኪያ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች። ኩሬ ይሉታል እንጂ የቀረው ጥቁር ጭቃ ነው። የሞቱ አምባዛዎች ሆዳቸው ተነፍቶ ዝንብ ይርመሰመስባቸዋል። አምና በበጋ የአካባቢው ከብት ሁሉ ከዚህ ይጠጣ ነበር። ዘንድሮ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ይሄይስ ሁለት ሞተር ተክሎ ሌት ተቀን ወደ ሽንኩርት ማሳው ሲስበው ከረመ። ይባስ ብሎ በግ አርዶ፣ ለእርዳታ የመጣውን ፈረንጅ እዚሁ ግማት አፋፍ ላይ ይጋብዛል! ወረታ ከተማ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ቱርኪያ ለማስተርጎም ነው የመጣችው። ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ ቢሆን እንኳ አንዲት ጉርሻ አትወርድላትም ነበር።

ፈረንጁ የሚፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው። ውሃውን ድርቅ ከወሰደው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከነሞተሩ ለኮሚቴው ያስረክባል። ሰው ካደረቀው ግን ሞተር የለም፤ ጉድጓዱ በእጅ የሚቀዳ ሆኖ ለሰውና ለከብት መጠጥ ብቻ ይውላል።

«ውሸት ነው!» አሉ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት በመቋሚያቸው ተደግፈው። ጎድኗ የሚቆጠር ላማቸው ጭቃውን ትልሳለች። «አለቀ አይደለም ልጄ፣ ጨረሱት! አሟጠው ጨረሱት!»

«እርስዎ ደግሞ ቃል ሲሰነጥቁ!» አለ ይሄይስ እየሳቀ። «አለቀም ጨረሱትም ያው ነው።»

«ያው ከሆነማ የእኔኛውን ትበልልህ።»

ይሄይስ ሳቁን ዋጠ። ወደ ቱርኪያ ጆሮ ሲጠጋ ጮማና ሽንኩርት ሸተታት። «የኔ እመቤት፣ አባትሽ ሱቁን የከፈተው በማን ቤት እንደሆነ መቼም አትረሺውም» አላት።

ፈረንጁ አፍ አፏን ያያል። «ራን አውት» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ስታስተምር ነበር፤ «ራን አውት» ሲባል ነገሩ አለቀ ነው፣ ማን እንደጨረሰው አይጠየቅም። «ዩዝድ አፕ» ሲባል ግን ጨራሽ አለው። «ቲቸር፣ ያው አይደለም እንዴ?» ብለዋት ነበር ተማሪዎቿ። በፍጹም ያው አይደለም ብላ ተቆጥታቸው ነበር፤ አሁን እሷው ያንን ቃል ልትተፋው! ከጭቃው በላይ፣ ከይሄይስም በላይ፣ የገዛ አፏ ቀፈፋት።

ሻሿን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች።

«ዩዝድ አፕ» አለች፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ቀስ ብላ።

«ባይ ሁም?» አለ ፈረንጁ፤ ማን ነው የጨረሰው?

በጣቷ ይሄይስን አሳየችው። እሱ እንግሊዝኛውን ባይሰማም ጣቷ ገባው፤ የያዘው አጥንት ከእጁ ወደቀ።

ቱርኪያ ዘወር ብላ ስልኳን አወጣች።

«አባዬ» አለች ሲያነሳላት፣ «የሱቁን ዕቃ መሸከፍ ጀምር። መጣሁ፣ አግዝሃለሁ።»