ወደፊት የሚገፋ እጅ

እህትየው ከጠዋት ጀምሮ ደሟ ፈልቷል። የቀላል አውሮፕላኖች ደህንነት መርማሪ ናት፤ በመሥሪያ ቤቷ አውቶጃይሮ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ የታናሽ ወንድሟ መከራ እሷው ላይ ወደቀ። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን አብርሮ ቀድሟት ጡረታ የወጣ ነው፤ እሱን ከመምከር ከግድግዳ ጋር ማውራት ይሻላል።

በቤቱ ጋራዥ የሠራት አውቶጃይሮ ሄሊኮፕተር ትመስላለች፤ የላይኛውን ክንፍ የሚያዞረው ግን ነፋስ እንጂ ሞተር አይደለም። ጌታው ታዲያ ከኋላ የሚገፋት ትልቅ ፕሮፔለር አማረውና መሬት እንዳይነካበት ሞተሩን ከፍ አድርጎ ሰቀለው። የጅራቷ አግድም ክንፍ በጋራዡ በር አልገባ ቢለው ደግሞ ከግራም ከቀኝም ቆረጠው! በሩን ማስፋት አይታሰብም።

«የመብረሪያ ፈቃዷን ፈርሚለትና ገላግይን እንጂ» አለች እናታቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ። «ሥራ ካቆመ ወዲህ የሳቀው በዚች ነገር ብቻ ነው።»

እህትየው ሚዛኗን ለመፈተሽ ማሽኗን ከነወንድሟ በሰንሰለት ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠልጥላታለች።

«እትዬ፣ እንደ በግ ሰቀልሽኝ እኮ!»

«ቀልዱን ተውና መሪውን ያዝ። ነፋስ አፍንጫዋን ቢያነሳት ምን ታደርጋለህ?»

«መሪውን አልገፋም፤ ነዳጅ እቀንሳለሁ። ሸምድጄዋለሁ ስልሽ!»

ድንገት የማሽኗን አፍንጫ ወደ ላይ አነሳችው። እጁ መሪውን ወደፊት ገፋ። በአውሮፕላን ዘመኑ ስንቴ ያዳነው ልማድ ነው። እዚህ ግን መሪው ሲገፋ የላይኛው ክንፍ ነፋስ ያጣል፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሞተር ደግሞ ከኋላ እየገፋ ማሽኗን በአፍጢሟ ይደፋታል፤ የተቆረጠው ጅራትም አያቃናትም። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

«ሞትክ» አለችው።

«ኧረ አፍሽን! ሟርተኛ!» አለች እናትየው።

«ሳላስበው አንስተሽው እኮ ነው» አለ እሱ። «አየር ላይ እንዲህ አላደርግም።»

እህትየው ልትጮህበት ፈለገች። ነፋስ ደውሎ ይመጣል እንዴ? ሞተሩን አውርድ፣ ጅራቱን መልስ፣ አስተማሪ ይዘህ እንደ አዲስ ተማር ብላ ብላ ጉሮሮዋ ደርቋል።

«እሺ፣ አሁን ነግሬህ ነው የማነሳው» አለች ንዴቷን ውጣ። «እንዳትገፋ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

አነሳችው። ገፋ።

«አየሽ?» አለ ፊቱ በርቶ። «አልገፋሁም!»

ከእናትየው ፊት ላይ ቁጣው ጠፋ። እጁን አየች፤ መሪው አሁንም ወደፊት እንደተገፋ ነው። ተነስታ ሄደችና ጣቶቹን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር።

«እማ፣ ተይኝ እንጂ!»

አልተወችውም። ወደ ሴት ልጇ ዞራ፣ «ይሄ ቀበቶ በየት በኩል ነው የሚፈታው?» አለቻት።