የአልጋ ቁራኛ

«እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ!» አሉ ጎረቤትየዋ፣ የሻዩን ብርጭቆ ከእጁ እየተቀበሉ። «ለእናቱ ብሎ ዳኛ ፊት ቆሞ የለመነ!»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። ለቅሶ የተቀመጡት ሐዘን መሰላቸው፤ ማዘኑንስ አዝኗል፣ አንገቱን ያስደፋው ግን እፍረት ነበር። እናቱን ከቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሁለቱንም ቀን የገዛ ደግነቱ ሲወራ ይሰማል።

ሥራው ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። የትኛው ቃል ዳኛ እንደሚያራራ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። የሚኖሩበት ቤት ባለቤት ከሶ ሲረታቸውና በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ሲባሉ፣ ለራሱም ብዕሩን አነሳ። «እናቴ የአልጋ ቁራኛ በመሆኗ ተጨማሪ ሦስት ወር እንዲፈቀድልን» ብሎ ጻፈ። እናቱ በዚያች ሰዓት ጓሮ ቆማ ልብስ ታሰጣ ነበር።

ሲያነብላት ሳቀች።

«በቁሜ አስተኛኸኝ በለኛ!»

«ቤት እስክናገኝ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን። ብቻ ሟርት እንዳይሆንብህ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን እያደር ከበደ። ሦስቱ ወር ተፈቀደ፤ እናቱ ግን ስድስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ሳትነሳ ቀረች። ዛሬ የቤቱ ባለቤት ሳይቀር መጥቶ፣ «ቀነ ገደቡ ቢያልፍም ግድ የለም፣ ተረጋጋ» ብሎታል። ይህን ደግነት ያኔ ቢያመጣው ኖሮ ውሸቱም ባልተጻፈ።

ብርጭቆ ሰብስቦ ወደ ማድ ቤት ገባ። አክስቱ፣ የእናቱ ታናሽ፣ ዕቃ ታጥባለች።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ምን ትላለህ አንተ!»

«ደህናዋን እናቴን ታማለች ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ ሞትን ጠራሁባት።»

አክስቱ እጇን አደራረቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ደህና አልነበረችም። ከታመመች ዓመት አልፏታል፤ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ‹በቤቱ ጭንቀት ላይ ይሄን አልጨምርበትም› ብላ አስማለችኝ። ማመልከቻውን ያነበብክላት ቀን ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ሳልነግረው ጻፈው።›»

ሟርቱ እንዳልገደላት ሲሰማ ለአንዲት ደቂቃ ቀለለው። ከዚያ ያ ቀን ትዝ አለው።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን የሚያጣራ ሠራተኛ ልኮ ነበር። እሱ እየተጣደፈ ሲያስተኛት፣ «ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥቤ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚተኛ አንተ ታስተምረኝ?» ብላ አሳቀችው። ሠራተኛው ገብቶ ቆመ። እናቱ ልትገላበጥ ስትል ከሆዷ አቃሰተች። ጸሐፊው ብርድ ልብስ የሚያስተካክል መስሎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ አታብዢው።»

ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ሰውዬው ሲወጣ ልጇ አጨበጨበላት፤ እሷም ሳቀችለት።

«አብሬያት እየኖርኩ!» አለ አሁን። አክስቱ ብርጭቆዎቹን ትሪ ላይ ደርድራ ሻይ ቀዳችለት።

ሻይ የያዘውን ትሪ ተሸክሞ ወደ ሳሎን ተመለሰ። አንዲት አሮጊት፣ ከእናቱ ጋር ይሠሩ የነበሩ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሊቀመጡ ነው። «እህህ...» አሉ ወንበሩ ላይ ሲያርፉ፣ አሮጊት ሁሉ እንደሚለው። ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው ትሪውን መሬት አስቀምጦ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ኧረ እርጅና ነው ልጄ፣ ምንም አይደል። ተነሥ፣ ሐዘንተኛ አይደለህ እንዴ?»

«የለም፣ ይንገሩኝ» አለ። ሁለት ቀን እምቢ ያለው እንባ መጣ። «የት ጋ ነው?»

አሮጊቷ ግራ ተጋብተው ሰዉን አዩ። ኋላ ቀስ ብለው እጁን ያዙና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።