ተራራው የወንዶሰን፣ ጥላው የፀዳለ

ልጆቼ በየተራ እየመጡ «አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ የማናችን ይበልጣል?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! እናታቸውን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም። ብላ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኛ ሲሉኝ እተኛለሁ። ለቅሶው ላይ እንኳ እንባ ጠብ አላለልኝም። የአቦቦ ሰው «ጋሽ ገሠሠ ደነዘዘ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው። ገላዬ የሌላ ሰው መስሎ ነው የሚሰማኝ፤ ቢቆነጥጡኝም ግድ የለኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቴ መግባት። የጥሩነሽን አርባ እዚያው አቦቦ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ ሎሚ ሥር ላወጣላት። ልጆቹ ግን ሠልስቱ እንዳለፈ «ብቻህን አትሆንም» ብለው ጋምቤላ ከተማ አመጡኝ። «አርባው ሲደርስ እንወስድሃለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ያን ሰሞን ለማንም ለምንም እሺ ነበር የምለው።

ታላቁ ወንዶሰን ነው፣ ታናሿ ፀዳለ። ሁለቱ አንድ የውሃ መዝናኛ በሽርክና ሊከፍቱ ተነሥተው ነበር። እሱ «ተራራ ይሁን» አለ፣ እሷ «አትክልት ይሁን» አለች፤ በዚሁ ተኮራርፈው ተለያዩ። አሁን አንድ አስፋልት መሐል አድርገው ፊት ለፊት ሁለት ከፍተዋል። በዚህ ሙቀት፣ ባሮም አዞ ባለበት አገር፣ ሁለቱም ሰው አላጡም። ግን አይነጋገሩም። እናታቸው ስታስታርቅ፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ ኖረች። በለቅሶው እንኳ አንዱ በድንኳኑ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ ነበሩ።

መጀመሪያ የወሰደኝ ወንዶሰን ነው። የሱ «ደጋ የውሃ መዝናኛ» ይባላል። ስገባ የሲሚንቶ ተራራ ተገተረብኝ፤ ከጫፉ ሦስት ሸርተቴ ወርዶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። በየቋጥኙ ላይ ደረታቸው ቀይ የተቀባ የሲሚንቶ ጭላዳዎች ተቀምጠዋል። ግራና ቀኙን ጥድ አስተክሎ ነበር፤ ሙቀቱ ፈጃቸው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደረቁን አረንጓዴ ቀለም ረጭቶታል።

«ወሎን ይመስላል አባባ?» አለኝ።

«ይመስላል» አልኩት።

ልጁ የተወለደው አቦቦ ነው፤ ደጋ ረግጦ አያውቅም። ደጋን የሚያውቀው እኔና ጥሩነሽ ማታ ማታ ካወራነው ነው። እኛን በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከወሎ ለሠፈራ ጭነው ሲያመጡን ያ ተራራ ላይ የሚቀመስ አልነበረም። ለልጆች ስናወራ ግን ራቡን እየዘለልን ምንጩንና ነፋሱን ብቻ አወራን። እሱ ምን ያድርግ? የነገርነውን አምኖ በሲሚንቶ ሠራው።

ከተራራው ግርጌ አንድ የሣር ቤት አቁሟል። «ያባቶች ቤት» የሚል ጽፎበታል። አልፌው ልሄድ ስል ዐይኔ በሩ ላይ አረፈ፤ የእኔ በር ነው።

ያንን በር የጠረብኩት ከዋንዛ ነው፤ አቦቦ በገባን በሁለተኛው ክረምት። ሳንቃው አጥሮብኝ ዝቅ ብሎ ቀረ። ላስረዝመው ብል ጥሩነሽ እምቢ አለች። «ተወው፣ ሰው እኔ ቤት ሰግዶ ይግባ!» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ወንዶሰን ቁመቱ ሲመዘዝ ግንባሩን እየገጨ ያደማ ነበር፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በኋላ እናቱ «መዳፍህን ግንባርህ ላይ አድርግና ጎንበስ በል» ብላ አስለመደችው።

እሱ ግን በሩን እዚህ ከድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ አድርጎ ተክሎታል፤ «እንግዳ እንዳይገጨው ብዬ ነው» አለኝ። ቀጥ ብዬ ገባሁ። ምሰሶውም የኛ ነው። ጥሩነሽ ነጠላዋን የምታንጠለጥልበት ሚስማር እንኳ እንደተመታ አለ። እጄን አስነካሁት፤ ሚስማር ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

«ይሄ ከቤታችን የመጣ አይደለም?» አልኩት።

«አንተው ፈቅደህልኝ ነው እኮ አባባ! ድንኳኑ ውስጥ ‹በሩንና እንጨቱን ምስጥ ሳይጨርሰው ላንሣው?› ብልህ ‹አንሣ› አልከኝ።»

ብዬው ይሆናል። «እና ቤቱ ፈረሰ?» አልኩ።

«የቤቱ ነገርማ አብቅቶለት ነበር። ግን አታስብ፤ ግቢው እንዳለ ነው። ከእማዬ አትክልት አንዲት ቅጠል አልነካሁም። ለአርባው ሎሚው ሥር ድንኳን እንጥላለን።»

እሺ አልኩ። ሎሚው ካለ ምን ቸገረኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ጋቢ አለበሰኝ። በጋምቤላ ሙቀት፣ ጋቢ! ዱላ አስያዘኝና «እዚህ በሩ ላይ ቁጭ በልልኝ፤ ሰው አብሮህ ፎቶ ይነሣል፤ ቦታው ነፍስ ይዘራል» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰዉ ከገንዳው እየወጣ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ አጠገቤ እየተጎለተ ፎቶ ተነሣ። «አባባ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ይሉኛል። አንዲት ሕፃን መጥታ በጣቷ ጉልበቴን ወጋ አደረገችና ወደ እናቷ ዞራ «ይሄኛውም ሲሚንቶ ነው?» አለች። እናትየው አፈረች፣ ተቆጣቻት። እኔ ግን ልጅቷ ላይ አልፈረድኩም።

ይሄን ወሬ ፀዳለ ሰማች። በማግስቱ አስፋልቱን ተሻግራ መጥታ ከበሩ ላይ አነሣችኝ። «አባቴን ጭላዳ አደረገው! እኔ ጋ ነው የምትሆነው፤ እኔ ጋ ቢያንስ ጥላ አለ» እያለች በእጄ ጎትታ አሻገረችኝ።

የሷ መዝናኛ በልጇ ስም «ሶልያና» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ውሃው ገንዳ ውስጥ አልታሰረም፤ እንደ ቦይ እየተጠማዘዘ በአትክልት መሐል ይሄዳል፤ ሰው በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ተጋድሞ ይንሳፈፍበታል። ፓፓያው፣ ሙዙ፣ አበባው ከላይ ተደርቦ ፀሐይ አያስገባም። በተራራ ወንዶሰን ይበልጣል፣ በጥላ ፀዳለ። የጠየቁኝ ይሄንን ከሆነ መልሱ ይሄው ነው።

«አሁን ደግሞ የእማዬን ጥግ ላሳይህ» አለችኝ።

በጥርብ ድንጋይ የታጠረ ክብ ቦታ ነው። ጤና አዳሙ አለ፣ በሶብላው አለ፣ ነጩ ጽጌረዳ አለ። ከመሐል ደግሞ ሎሚው ቆሟል። ጥሩነሽ ዘሩን ተክላ፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ እያጠጣች ያሳደገችው ሎሚ። ቅጠሉን አራግፎ ግማሹ ቅርንጫፍ ደርቋል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር አድርጋለች፤ ለኔ መሆኑ ነው።

«ይሄ ያ ሎሚ ነው?» አልኳት።

«በእስካቫተር፣ ከነአፈሩ ነው ያስነሣሁት! ያቆጠቁጣል፤ ባለሙያው ነግሮኛል። ድንኳኑ ውስጥ ‹የእማዬ አትክልት ጠያቂ አጥቶ እንዳይደርቅ ልውሰደው?› ስልህ ‹ውሰጂ› አልከኝ እኮ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ቶሎ ብላ፣ «ቤቱን ግን ዞሬም አላየሁት፤ በጓሮ ገብተን በጓሮ ወጣን። አርባውን እቤት ውስጥ እናወጣለን፣ ቤቱ መች ጠፋና» አለችኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በሩን የወሰደው አትክልቱ አለ ብሎ ነው። እሷ አትክልቱን የወሰደችው ቤቱ አለ ብላ ነው። አስፋልት ተሻግረው አንድ ቃል ቢነጋገሩ ኖሮ አንዳቸው ይተዉልኝ ነበር። ለሁለቱም ‹ውሰዱ› ያልኩ ደግሞ እኔው ነኝ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ቁጣውም አልመጣልኝም።

«ታዲያ የማን ይበልጣል?» አለችኝ ፀዳለ።

«ሽንት ቤት የት ነው?» አልኳትና ተነሥቼ በዋናው በር ወጣሁ።

መናኸሪያ ሄጄ የአቦቦ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «አባት፣ ጋቢው አይሞቅዎትም?» ሲለኝ ነው እንደለበስኩት መሆኔን ያወቅሁት። መንገዱን ሙሉ ምንም አላሰብኩም። አይቼ ልመን፣ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው።

አየሁ። ግቢው መሬት ነው፤ መሬት ብቻ። ሎሚው የነበረበት ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶታል። ከቤቱ የቀረው የደጃፉ ድንጋይ ነው፤ ለደጋ ማማሪያ አልሆነ ይሆናል።

ጎረቤቴ ኛዳክ አጥር ዘላ መጣች። ከጥሩነሽ ጋር ዘር ሲለዋወጡ፣ በሶብላ ሲሰጣጡ ነው የኖሩት።

«ጋሼ፣ አንተ መጣ?» አለችኝ በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ። «አንድ ቀን መኪና መጣ፣ በር ወሰደ። ሌላ ቀን መኪና መጣ፣ ዛፍ ወሰደ። እኔ ተቆጣ። ‹አባባ ፈቀደ› አሉ። እኔ ምን ይላል?»

«አበጀሽ፣ ምን ትያለሽ» አልኳት። ወንበር ላምጣልህ ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

እኔ ወደ ደጃፉ ድንጋይ ሄድኩ። እግሬን አነሣሁ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ነው በር እንደሌለ ትዝ ያለኝ። የወገብ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አፌም ልማዱን ይዞ «ጥሩዬ፣ መጣሁ» አለ። ሁልጊዜ «እግርህን ጥረግ!» ብላ ነበር የምትቀበለኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለት አታውቅም። ኛዳክ ባመጣችልኝ ወንበር ላይ፣ መደባችን በነበረበት በኩል ተቀመጥኩ። አሁንም እንባ አልነበረኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ሁለቱም ወረዱ። ሲያጡኝ እሷ እሱ ጋ፣ እሱ እሷ ጋ ያለሁ መስሏቸው አስፋልት ላይ ተገናኝተዋል። በአንድ መኪና ሲሄዱ ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ!

ሁለቱም ግቢውን አይተው ክው አሉ።

«ቤቱ የታለ?» አለች ፀዳለ።

«ሎሚው የታለ?» አለ ወንዶሰን።

ከዚያ ተያዩ። ፀዳለ እጇን ራሷ ላይ ጫነችና «አባዬ!» እያለች ወደኔ ሮጠች፤ እሱም ተከተላት። በጓዳ በኩል፣ የእናታቸው አልጋ በነበረበት፣ ግድግዳውን ጥሰው ሲመጡ ሳይ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ፈነዳ።

«ቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ። ኛዳክ እንኳ ደነገጠች። «በግድግዳ ነው እንዴ ሰው ቤት የሚገባው? እናታችሁ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገቻችሁ? ዙሩ! በበር ግቡ!»

አብዷል ይበሉ፤ ይበሉዋ! ግን ዞሩ። በውጭ በኩል ዞረው የደጃፉ ድንጋይ ጋ ደረሱ። ፀዳለ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባችና አጠገቤ ቆመች።

ወንዶሰን ድንጋዩ ላይ ቆመ። ያ ዝሆን የሚያህል ሰውዬ፣ ተራራ ያሠራው ልጄ፣ ባዶውን አየር ሽቅብ ተመለከተ። ከዚያ መዳፉን ግንባሩ ላይ፣ ጠባሳው ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ ገባ።

እግርህን ጥረግ ልለው አፌን ስከፍት ልቅሶው ወጣ።