ፊላደልፊያ ሐሙስ ይመጣል

ሐሙስ ከሥራ ኦፍ ነበርኩ። እንደ ወትሮው ተነሳሁ፤ ጸለይኩ፤ ሻይ አፍልቼ በዳቦ ጠጣሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነስቼ በአትላንታ ዳርቻ ካለው ቤቴ፣ ከስማይርና፣ ወደ ኖርክሮስ ነዳሁ። ሸፊቅ ሥጋ ቤቱን ገና መክፈቱ ነበር።

"ከየቱ ልቁረጥልሽ?"

"ጀዕፈር ከሚወደው።"

"አሃ፣ ለፊላደልፊያ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። "እኔ በዚህ ዱላ ጨዋታችሁ የለሁበትም። እኔ የአርሰናል ነኝ። የራሴ መከራ ይበቃኛል።"

ሥጋውን ጠቅልሎ ሰጠኝና ተመለስኩ።

ፊላደልፊያ ያለው የቤዝቦል ቡድኑን ነው። ባለቤቴ ቶሎሳ የአትላንታ ደጋፊ ነበር። ጓደኛው ጀዕፈር ከወሎ ወጥቶ አሜሪካን መጀመሪያ የረገጠው ፊላደልፊያ ስለሆነ፣ አትላንታ ከመጣ በኋላም ልቡን ከዚያ አላነሳም። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ምድብ ስለሆኑ በዓመት ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። በዚያ በ2018 ሴፕቴምበር ምድቡን የሚመራው አትላንታ ነበር፤ ከኋላ የሚከተለው ደግሞ ፊላደልፊያ። አራት ጨዋታ በእኛ ሜዳ ሊጫወቱ ነው፤ የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ።

እንዲህ ያለ ግጥሚያ ሲመጣ ጀዕፈር ከባለቤቱ ከሰልዋ ጋር እኛ ቤት ይመጣል። ኳሱን ማን ይወረውራል፣ ማን ታሟል፣ የማን አሠልጣኝ ይደነግጣል እያሉ ኳሱ እስኪጀመር ይከራከራሉ። ለእነሱ ከጨዋታው ይልቅ ይኸው ክርክር ይጣፍጣቸው ነበር። እኔ ከኩሽና ሆኜ እሰማ ነበር።

ቶሎሳ በጃንዋሪ አረፈ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ሰኞ ዕለት ጀዕፈር ደወለ።

"አረጉ፣ ፊላደልፊያ ሐሙስ ይመጣል። ዘንድሮስ እንዴት ነው?"

"እንደ በፊቱ ነው" አልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌን ከቀበርኩ ዓመት ሳይሞላ ጨዋታ እየናፈቅሁ መሆኔን ሳስብ አፈርኩ። ሆኖም ጀዕፈርን አትምጣ አላልኩትም። የቤተክርስቲያን ሰዎች ቶሎሳን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስሙን እየሳቀ የሚጠራልኝ ጀዕፈር ብቻ ነው።

ከሸፊቅ ዘንድ እንደተመለስኩ ከላይኛው ቁም ሳጥን ሰማያዊዋን ድስት አወረድኩ። ጀዕፈር መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ጊዜ ውኃ ብቻ ጠጥቶ ነበር የሄደው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ እሱ ሙስሊም ነው፤ ሥጋችን አይገናኝም። ቶሎሳ በማግስቱ ይህችን ድስት ከነጭልፋዋና ከነቢላዋዋ ገዛ። የሙስሊም ሥጋ ካልሆነ አይገባባትም። ሲጨርሱም ራሱ ያጥባት ነበር፤ ከሌላው ዕቃ ጋር እንኳ አያስቀምጣትም ነበር። ጀዕፈር "ኤምባሲዬ" ይላት ነበር። "በጠላት አገር ያለች የፊላደልፊያ ኤምባሲ።"

ወጡ ሊደርስ ሲል ፅጌረዳ መጣች። የቤተክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ በሕዝብ ፊት የማታፍር፣ እጇ የማያርፍ።

"እህት አረጋሽ፣ ቤቱ እንዴት ይሸታል!" ብላ ክዳኑን ከፈተች። "ውይ፣ ይቺ ድስት! ስወዳት። ዶሮው እንዴት አምሮ እንደወጣባት ታስታውሺያለሽ?"

"የምን ዶሮ?"

"የኅብረቱ ምሳ ጊዜ ነዋ። ለፋሲካ። ትልቅ ድስት አጣሁ ስልሽ አንቺው አውርደሽ ሰጠሽኝ። አጥቤ መለስኳትኮ፣ እንዳትቆጪኝ!"

"አልቆጣም" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ትዝ አለኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ በሁለት እጄ አውርጃታለሁ። የማን እንደሆነች አላሰብኩም። ቶሎሳ ስንት ዓመት የጠበቃትን እኔ በጥቂት ወር ውስጥ እንደ ማንኛውም ዕቃ አንስቼ ሰጠሁ።

ዲኬተር ውስጥ በሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሳሙናና የፈላ ውኃ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ድስቷ ላይ የቀረ ነገር የለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ነገር ግን ጀዕፈር ድስቷ ንጹሕ ናት ወይ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ቶሎሳን አምኖ ነው የበላው።

ሌላ ሥጋ ገዝቼ፣ ሌላ ድስት ፈልጌ እንዳልሠራ ሰዓቱ አልፏል፤ ሜዳው ቅርባችን ስለሆነ በጨዋታ ቀን ስማይርና መንገዱ ይዘጋል። ብነግረው ከዚህ ቤት እህል አይቀምስ ይሆናል። እህል ካልቀመሰበት ቤት ደግሞ ሰው ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ዝም ልል ወሰንኩ። ወጡን አማሰልኩ።

አመሻሽ ላይ መጡ። ጀዕፈር የፊላደልፊያውን ቀይ ኮፍያ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

"አሸናፊዎቹ መጥተዋል! መንገድ ልቀቁ!"

"ኧረ ቀስ በል፣ ጎረቤት አለ" አለች ሰልዋ። እኔን አቅፋ ሳመችኝ። "ከዚህ እስክንደርስ ሲለፈልፍ ነው የመጣው። ጆሮዬን በላው።"

"ምን ላድርግ፣ እውነት ስለሆነ ነው። ስሚ አረጉ፣ የዛሬውን ካሸነፍን ነገ ይደነግጣሉ። ቅዳሜ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እሑድ እኔ ሻንጣቸውን አዘጋጅላቸዋለሁ።"

ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ጨዋታው አልተጀመረም፤ ሜዳውን ውኃ እያጠጡ ነበር። ምግቡን አቀረብኩ። ጀዕፈር ድስቷን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ኤምባሲዬ! ባንዲራዋ ብቻ ነው የቀረው።"

እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ቢስሚላህ አለ። እንጀራውን ቆርሶ ወጡ ላይ አሳረፈ።

"ቆይ፣ አትብላ" አልኩ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

"ሥጋው ከሸፊቅ ነው። ድስቷ ግን ... ለፋሲካ ለሰው ሰጥቻታለሁ። የክርስቲያን ዶሮ ተሠርቶባታል። እኔ ነኝ ያወረድኳት። ሳልነግርህ ላበላህ ነበር።"

ጀዕፈር የቆረሰውን እንጀራ ቀስ ብሎ መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ሰልዋ እኔንም እሱንም አየች።

"ታጥቧልኮ" አለች። "መታጠቡማ ታጥቧል አይደል፣ አረጉ?"

"ታጥቧል።"

"ተዪ ሰልዋ" አላት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "አብሽሪ አረጉ። መናገርሽ ይበቃል። ወላሂ አልተቀየምኩም።"

አልበላም። ሰልዋ ከቦርሳዋ ቴምር አወጣች፤ እኔ ዳቦና ለውዝ አመጣሁ። ወጡን ወደ ኩሽና መለስኩና ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት። እዚያው ትንሽ ቆምኩ። ሳሎን ስመለስ ጀዕፈር ኮፍያውን አስተካክሎ ሊያጫውተኝ ሲታገል አገኘሁት።

"አሁን ገባኝ" አለ። "ወርዋሪያችሁ ስለማይረባ በረሃብ ልትጨርሱን ነው። የአትላንታ ሴራ! ቶሎሳ ቢሆን ..."

ሳይጨርሰው ቴምር አነሳ።

"እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ" አለ። "አራት ጨዋታ ነው። እኔ ሦስቱን እኛ እናሸንፋለን እላለሁ። ምን ትያለሽ?"

መልሱን አውቀው ነበር። ወርዋሪያቸው ከጨዋታው አጋማሽ በኋላ ክንዱ ይደክማል፤ ከሜዳቸው ሲወጡም አይሆንላቸውም። ቶሎሳ ይህን ደርድሮ፣ ጣቱን አወዛውዞ፣ የጀዕፈርን ኮፍያ ከራሱ ላይ ነጥቆ ይጥልበት ነበር። ከፊቴ ግን የጾመ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ያስጾምኩትም እኔ ነኝ።

"ታሸንፋላችሁ" አልኩት።

"ሦስቱን?"

"አራቱንም።"

"ኧረ በአላህ! እንዲህማ አይባልም፣ አረጉ። ተከራከሪኝ እንጂ። ስደቢኝ።"

"እውነትህን ነው፣ ጥሩ ቡድን አላችሁ" አልኩት።

ጀዕፈር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሰልዋ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች። ሕዝቡ ተነስቶ ይጮኻል፤ የእኛ ልጆች እየሮጡ ወደ ሜዳ ወጡ። ሦስታችንም ወደ ፊት እያየን ተቀመጥን። በዚህ ቤት ለአትላንታ የሚከራከር ሰው የለም።