የረቡዕ ክኒን

እትዬ ብርቅዬ ክኒኑን ከምላሳቸው ላይ መልሰው መዳፋቸው ላይ ተፉት። ጠርዙ መሟሟት ጀምሯል። ወደ ጓዳው በር አየት አደረጉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"እማዬ፣ ዋጥሽው?" አለች ልጃቸው ሊና ከጓዳ።

"ዋጥኩት እንጂ!"

በዐቢይ ጾም፣ ያውም በረቡዕ፣ ያውም በጠዋቱ እንዲህ ያለ ውሸት! በራሳቸው አፈሩ። ግን ምን ያድርጉ? ትናንት ጎረቤታቸው መሲ ስልኳን እየጎረጎረች ያነበበችላቸው ነገር እንቅልፍ ነስቷቸው ነው ያደረው። "እትዬ፣ ይኼ የአጥንት ክኒን ለብዙ ዓመት ከተወሰደ መንጋጋ ይጎዳል፣ ጭንም ይሰብራል ይላል" አለቻቸውና፣ "ላስፈራራዎት ብዬ ግን አይደለም" ስትል አከለችበት። መሲ ሰው አስፈራርታ ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው።

ባዶ ወሬ ቢሆን በዚህ ጆሯቸው ሰምተው በዚያኛው ያፈሱት ነበር። ችግሩ፣ ጭናቸውን ካመማቸው ሰንብቷል። ከጉሮሯቸው በታች ደግሞ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ያቃጥላቸዋል፤ በተለይ ረቡዕ ረቡዕ። ይህን ለማንም አልተነፈሱም፤ ለሊናማ ጭራሽ።

እትዬ ብርቅዬ ማር ነጋዴ ናቸው። ከቢታ ገነትና ከደካ የሚመጣላቸውን ማር ተቀብለው ቦንጋ ገበያ ይሸጣሉ። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሙሉ ጀሪካን ከመኪና ላይ ሊያወርዱ ሲሉ ጀርባቸው ቀጭ አለና እዚያው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ሐኪሞቹ አጥንትዎ ሳስቶ አከርካሪዎ ተጨፍልቋል አሏቸው። ወራት በአልጋ አለፉ። አገላብጣ ያጠበቻቸው፣ በማንኪያ ያበላቻቸው ሊና ናት። ለዚያ ስትል ጅማ ሄዳ ልትማረው የነበረውን ሁለተኛ ዲግሪ ተወችው። በሳምንት አንዴ የሚዋጠው ያ ክኒን ታዘዘላቸውና ቀስ በቀስ ተነሱ፤ ወደ ገበያቸውም ተመለሱ። ዘንድሮ ደግሞ ዕድሉ ለሊና ተመልሶ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ከቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል። እናቷ "አመመኝ" ካሉ ሻንጣው እንደሚፈታ እትዬ ብርቅዬ ያውቃሉ።

እንግዲህ ክኒኑን ቢውጡት ለጭናቸው ፈሩ፤ ቢተውት ለጀርባቸው። በየትኛውም በኩል የሚታያቸው ያ አልጋ ነው።

"በይ ልበሺ፣ ዛሬ ቀጠሮ አለሽ" አለች ሊና።

"በጾም ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል?"

"ሐኪሙ አይበላሽም!"

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ባጃጁ ጭቃውን እየዘለለ ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ እትዬ ዝማሬ ጎብጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያዘግሙ አዩአቸው። ሁለቱ ሴቶች በሴቶች በር በኩል ጎን ለጎን የሚቆሙ የዘመናት ወዳጆች ናቸው። አምና መድኃኒት ቤት በር ላይ ተገናኝተው ሁለቱም ያንኑ የአጥንት ክኒን እንደሚውጡ ተጨዋውተዋል። እትዬ ዝማሬ ስግደት ላይ ደረታቸውን በመዳፋቸው እያሹ እንባቸው ይመጣል። እትዬ ብርቅዬም "ይቺ ሴት እንዴት ብትታደል ነው ኃጢአቷ እንዲህ የሚታያት!" እያሉ በልባቸው ይቀኑባቸዋል።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ እትዬ ብርቅዬ ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ከባጃጁ አወረዱት። ሊና ይህን አየች።

"እማዬ፣ ጭንሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም። ስቀመጥ ደንዝዞ ነው።"

እትዬ ብርቅዬ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት ለስንቱ ደንበኛቸው ሲተርቱት ኖረዋል፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን አልመጣላቸውም።

ዶክተር ኤርምያስ ከሊና ጋር የተማረ የቦንጋ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ማር ሊገዛ ተልኮ የጀሪካኑን አፍ በጣቱ እየጠረገ ሲልስ እትዬ ብርቅዬ እጅ ከፍንጅ ይዘውታል። ዛሬም ድረስ "ዶክተር" ሲሉት ሳቅ ይመጣባቸዋል።

"እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ክኒኑስ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው፣ ተመስገን።"

"ጭኗን ያማታል" አለች ሊና።

ኤርምያስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "የትኛውን?"

እትዬ ብርቅዬ ልጃቸውን ገልመጥ አደረጓት። "ሁለቱንም። ቀኙ ይብሳል።"

"ለምን አልደወሉልኝም? ጭን ካመመዎት ቶሎ ይንገሩኝ ብዬዎት አልነበር?"

"እና መሲ ያለችው እውነት ነው? መድኃኒቱ ጭን ይሰብራል?"

"አልዋሸችም" አለ ኤርምያስ። "ለረዥም ዓመት ሲወሰድ እንዲህ የሚያጋጥመው ሰው አለ። እጅግ ጥቂት ነው፤ ግን አለ። መጀመሪያ ራጅ ይነሡ፣ ከዚያ እናወራለን።"

ራጁ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሊና የእናቷን እጅ ያዘች።

"ጅማው ይቅር፣ እማዬ" አለች።

"አፍሽን ያዢ!"

"አንቺን እንዲህ ጥዬ..."

"አፍሽን ያዢ አልኩሽ!" አሉ እትዬ ብርቅዬ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። ከመሰበርም ከመሞትም ይልቅ የፈሩት ይህችን ቃል ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ።

ኤርምያስ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና ፈገግ አለ። "የጭንዎ አጥንት ደህና ነው። ስንጥቅ የሚባል ነገር የለበትም።"

"እሰይ! ስሙ ይመስገን!"

"ታዲያ ምንድን ነው የሚያምዎት? ሌላስ የሚሰማዎ ነገር የለም?"

ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? የደረታቸውንም ማቃጠል ተናገሩ።

"ክኒኑን በምን ነው የሚውጡት?"

"በጸበል። ረቡዕ ጾም አይደል? ውኃ አልቀምስም፤ አንድ ጉንጭ ጸበል ብቻ። በባዶ ሆድ ስላልከኝ እኮ ነው ረቡዕን የመረጥኩት።"

"አንድ ጉንጭማ አይበቃም፤ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይፈልጋል። ከዋጡ በኋላስ ይተኛሉ?"

"ኧረ አልተኛም!"

"ጎንበስ ይላሉ?"

እትዬ ብርቅዬ የነጠላቸውን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረጉ። አልጋ ላይ ሳሉ የተሳሉት ስለት ነበራቸው፤ በእግራቸው ከቆሙ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ለብቻቸው ሊሰግዱ። በዚህ ጾም ደግሞ ቁጥሩን ጨምረውበታል። ለሊና እንኳ ነግረዋት አያውቁም፤ ቀኝ እጅ የሚሠራውን ግራ እጅ አይወቅ ተብሏልና፣ ያወሩት ስግደት ዋጋ እንደሌለው ነው የሚያምኑት። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ "እንዲህ እሰግዳለሁ" ማለት ከመመጻደቅ በምን ይለያል?

"እማዬ?" አለች ሊና።

"እሰግዳለሁ" አሉ መሬት መሬት እያዩ።

"ክኒኑን እንደዋጡ?"

"እንደዋጥኩ።"

"ብዙ?"

"እሱን እግዜር ይወቀው! ለምን ታፋጥጠኛለህ? አትተኚ አልከኝ እንጂ አትስገጂ ያለኝ የለም!"

ሊና አፏን በእጇ ከደነች። ኤርምያስ ግን አልሳቀም።

"እውነትዎን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ስለ ወተት ጠየቅሁዎት፣ ስለ ሻይ ጠየቅሁዎት፤ ስግደትን ለመጠየቅ ትዝ አላለኝም። ክኒኑ በደንብ ሳይወርድ ሲጎነበሱ ወደ ጉሮሮዎ እየተመለሰ ያቆስልዎታል። ጭንዎም ቢሆን በዚህ ዕድሜ ይህን ሁሉ ሲሰግዱ ባያምዎት ነበር የሚገርመኝ።"

እትዬ ብርቅዬ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው የተሸራረፈችውን ክኒን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። "ዛሬ ደግሞ አልዋጥኩትም። ዋሽቻት ነው።"

"ጥሩ አደረጉ። እንዲያውም ልናሳርፍዎት ነው።"

"እንዴት? ልታስቆመኝ?" ጠዋት የተፉትን ክኒን አሁን ሊነጥቃቸው የመጣ መሰላቸው። "ጀርባዬስ? ያቆመኝ እኮ ይኸው ነው!"

"ይስሙኝ እትዬ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ የተለኩት የአጥንት ጥንካሬ ውጤት መጥቷል፤ አጥንትዎ በደንብ አገግሟል። ይህ መድኃኒት ደግሞ አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ዛሬ ስለተውት ነገ አይለቅዎትም። አምስት ዓመት ወስደዋል። ሲረዝም ያ ጥቂቱ ጉዳት እንዳይመጣ፣ ጉሮሮዎም እንዲድን ለጊዜው እናሳርፈዋለን። ለዘላለም አይደለም። በዓመቱ እንለካዎታለን፤ አጥንትዎ ከፈለገው እንመልሰዋለን።"

"እስከዚያስ?"

"ይራመዱ፣ ጎመንዎን ይብሉ፣ ጀሪካን አያንሡ። ማቃጠሉ ካልተወዎት ተመልሰው ይምጡ። ስግደቱን ግን ጀርባዎ አይችለውም፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።"

"ይቺስ ልጅ?" አሉ ሊናን በአገጫቸው እያመለከቱ። "ጅማ ትሂድ?"

"ትሂድ እንጂ! በእርስዎ ሰበብ የምትቀርበት ምክንያት የላትም።"

ሊና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። እናቷ ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቡና ግንባሯን ሳሙት። ደስታው ጉሮሯቸው ድረስ መጣ፤ እሱ ግን አላቃጠላቸውም።

ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። የንስሐ አባታቸው አጥር ጥግ ቆመው ነገሩን ከሰሟቸው በኋላ፣ "እግዚአብሔር የተሰበረ ልብ እንጂ የተሰበረ ወገብ አልጠየቀሽም፤ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ" አሏቸው። እትዬ ብርቅዬም ዛፉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ መቀመጥ እንዲህ ያሳፍራል ብለው አላሰቡም ነበር።

እትዬ ዝማሬ ትንሽ ፈንጠር ብለው ይሰግዳሉ። ወደቁ፣ ተነሱ፣ ወደቁ፣ ተነሱ። ከዚያ ቀና አሉና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አሹ። እትዬ ብርቅዬ ትክ ብለው አዩአቸው። የእጃቸውን አቀማመጥ ለይተው አወቁት፤ የራሳቸው እጅ ረቡዕ ረቡዕ የምታርፍበት ያው ቦታ ነው።

ቅዳሴው ሲወጣ እትዬ ዝማሬ መጥተው ፊታቸው ቆሙ። "ምነው ብርቅዬ፣ ዛሬ ተቀመጥሽ? ደከመሽ?"

"አዎ፣ ደከመኝ" ማለት ቀላል ነበር። ያን ያህል ዓመት የሸሸጉት ስግደት ከእግዜር ጋር እንደ ተሸሸገ ይኖራል፤ ማንም አያውቅባቸውም፣ ዋጋቸውም አይጎድልም። እትዬ ብርቅዬ የወዳጃቸውን መዳፍ አዩ። ገና ከደረታቸው ላይ አልወረደም።

ነጠላቸውን ሰበሰቡና ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።

"ነይ ቁጭ በይ፣ ዝማሬ" አሉ። "ክኒኑን ውጬ ስንት እሰግድ እንደነበር ልነግርሽ ነው።"