የካሳው መኪና

...ደግሞስ ስምንት ሲሊንደር ምን ያደርግለታል፣ ባሕር ዛፍ ለሚጭን ሰው ስድስቱ መች አነሰው፣ ግን ስምንቱ ዳገት ላይ አይለማመጥም፣ ያዝዛል፣ በዳዳ የፎርዱን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ጠዋት ነው፣ ብርዱ ከእንጦጦ ወርዶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላይ ተኝቷል፣ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር የቆሰለ ግራ እግሩ እስከ ዳሌው ይጠዘጥዘዋል፣ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፣ የብርዱ ነው፣ የኮሪያ ነው። አጠገቡ ታላቅ ወንድሙ ፈዬራ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ጋቢ በጋቢና። ድሮ ቢሆን ይህቺን ጣል አድርጎ ሁለቱም ትን እስኪላቸው ይስቁ ነበር፣ አሁን ቀልዱ አፉ ድረስ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይዋጣል።

እንዴት ነው፣ ይላል ፈዬራ። ምኑ። መኪናው ነዋ። እያየሁት ነው።

እያየሁት ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ጀምሮ መልሱ ይኸው ነው፣ የከተማውን ፒካፕ ሁሉ አይቶ ጨርሷል፣ የአንዱን ኮፈን ከፍቶ ጆሮውን ደቅኗል፣ ከሌላው ሥር በጀርባው ገብቶ ወጥቷል፣ አንዱን ዶጅ ቀለሙ አላማረኝም ብሎ ትቶታል፣ ቀለሙ፣ እንጨት ሊጭንበት፣ ፈዬራ ከኋላ ከኋላው ይከተላል፣ ለልጁ ሚስት እንደሚያጭ አባት፣ ይቺስ፣ ያቺስ፣ እያለ። አሁን ሁለት ቀርተዋል። ይህ የነጋዴው የወንድይራድ ፎርድ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አገሩ ሊገባ ዕቃውን የሚሸጥ የአንድ ግሪክ ሼቭሮሌት። ሽማግሌዎቹ ከዛሬ እንዳያልፍ ብለዋል። ይምረጥና እርቁ ይዘጋ።

እርቅ እኮ የተጣላ ሰው ነው የሚታረቀው፣ እሱ ከማን ጋር ተጣላ፣ ከማንም፣ ሄደ፣ ቆሰለ፣ ተመለሰ፣ በቃ። ያኔ ከጂቱ ጋር ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፣ ዘመቻ ተባለ፣ ዘመተ፣ ስሙን እንኳ አጣርቶ መጥራት የማይችለው ኮረብታ ላይ ወደቀ፣ እዚያው የነበረ አንድ የሠፈራቸው ልጅ ቀድሞ አገር ገባና በዳዳን ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ አለ፣ አልዋሸም፣ ወድቋል፣ ልጁ ያላየው ሲያነሡት ነው። ጃፓን ሆስፒታል ተኝቶ ጣራ ሲቆጥር የካ ላይ ተለቀሰለት፣ እግሩ ድኖ ካሚዮን መንዳት ሲማር ተዝካሩ ተበላ፣ ሁለቱ በሬዎች ታረዱ፣ የሱ ድርሻ መሬት ለድግሱና ለፍታቱ ሄደ፣ ጂቱ ፀጉሯን ተላጭታ ማቅ ለብሳ ከረመች፣ ዓመቱ ሲሞላ የወንድም ሚስት ከግቢ አትወጣም ተባለና ሚስቱ ለሞተችበት ለፈዬራ ሆነች። ቄሱ እንዳልሰማ ዝም አለ፣ አገሩ ደግ አደረጋችሁ አለ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ። ሳይሞት የሞተውን ግን ምን እንደሚሉት እስካሁን የነገረው የለም።

ማርሽ ይቀይራል፣ ፎርዱ ያጓራል፣ በስድስት ኪሎ ዞረው የእንጦጦን አቀበት ይዘዋል፣ ኋላው ላይ የጫኑት የፈዬራ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከአባቱ የደረሰው ደን፣ ለመኪናው ዋጋ እየተቆረጠ ያለው፣ እና መኪናውን የሚፈትኑት በዚያው ግንድ ነው፣ ይሄም ያስቅ ነበር።

ይስባል አይደል፣ ይላል ፈዬራ።

ይስባል።

አይንሸራተትም።

አይንሸራተትም አልኩህ እንዴ፣ ገና ነው።

አንተ። ከመጣ ወዲህ አንተ ብቻ ነው፣ ድሮ ጋሼ ነበር፣ ጋሼ ፈዬራ፣ ሰባት ዓመት ይበልጠዋል፣ በሬ ጠምዶ ማረስ ያስተማረው እሱ ነው፣ ጋሼ የምትለዋ ቃል የቀረችው በሩ የተዘጋ ለት ነው። በሩ። የወታደር ካፖርቱን እንደደረበ ከጥር ብርድ ውስጥ ብቅ ሲል፣ ጀምበር ጠልቃ ሰማዩ ገና አልጠቆረም፣ ጂቱ ደጃፍ ላይ እህል ታበጥራለች፣ ቀና አለች፣ አየችው፣ እና ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋችው፣ አልጮኸችም፣ ከውስጥ ስታማትብ ይሰማዋል፣ በስመ አብ፣ በስመ አብ፣ ጂቱ እኔ ነኝ አለ፣ አውቃለሁ አለች በበሩ ክፍተት፣ አውቃለሁ፣ ሂድ፣ ደኅና እረፍ። ከደጃፉ ስትነሣ ሆዷ ገፍቶ ነበር፣ ያን ያየው ግን ዘግይቶ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ተቀመጡ። ነገሩን የያዙት ኦቦ ቱሉ ናቸው፣ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ ልጆቼ፣ ፈዬራም አልበደለም፣ ጂቱም አልበደለችም፣ አንተም ልጄ አልበደልክም፣ በደሉ የወሬ ነው አሉ፣ ወሬ ደግሞ ቤት የለው፣ ከብት የለው፣ በምን ይካሳል፣ ብቻ ወንድም ወንድሙን ባዶ እጁን አያስቀርም፣ ልጅ ተወልዷል፣ የተወለደ አይመለስም፣ አንተ መንዳት ተምረህ መጥተሃል፣ ፈዬራ መኪና ይግዛልህ፣ በገዛ ምርጫህ፣ መርቀን እንለያይ። እሱም አቀርቅሮ እሺ አለ። ምን ይበል። የሚበላ እህል ሳይኖር ጥርስ ማፋጨት አይጠቅምም።

በገዛ ምርጫህ። እንግዲህ ምረጥ፣ ስምንት ሲሊንደር ወይስ ስድስት፣ ሰፊ ጋቢና ወይስ ረጅም ጀርባ፣ ሚስት በፒካፕ፣ ድሮ በበሬ ነበር ጥሎሹ፣ አገር ሠለጠነ።

እንጦጦ ማርያም አጥር ሥር ያቆማል፣ ሞተሩ እንዲበርድ፣ ፈዬራ ወርዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ይሳለማል፣ ይቆያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ በዳዳ ከመሪው ላይ ሆኖ ያየዋል፣ ምን እያላት ነው፣ ይማረኝ እያለ ነው ወይስ ቶሎ ይምረጥልኝ። ከስቷል። ትከሻው ወርዷል፣ የደኑን ግማሽ ሸጧል፣ የቀረውንም ይሸጣል፣ ውድ የሆነውን ውሰድ እያለ የሚለምነው እሱ ነው፣ የበደለ ሰው ፊት ቢኖረው ይቀል ነበር፣ ይሄ የበዳይ ፊት አይደለም፣ ይጠሉት ዘንድ እንኳ አይመችም፣ እና ይሄ ነው አንጀቱን የሚያሳርረው። ፈዬራ ተመልሶ ይመጣል፣ በሩን ይዞ ይቆማል። በዳዳ፣ እኔኮ ያን ጊዜ... ተወው። አይ ልናገር፣ እኔኮ አልጋህ ላይ ስተኛ... ተወው አልኩህ፣ ግባ፣ ቁልቁለቱን እንየው።

ቁልቁለቱንም ያዩታል። ፎርዱ ደኅና ይወርዳል። ወንድይራድ ደጁ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፣ እህሳ ዘማቹ፣ ይላል፣ እጁን እያፋተገ፣ ፈረስ ነው አይደል፣ ፈረስ ነው ይላል በዳዳ፣ ታዲያ ይሁንልህ እንበል፣ ማታ እንነግርሃለን ይላል ፈዬራ፣ ሌላም የምናየው አለ።

ሼቭሮሌቱ አረንጓዴ ነው። ግሪኩ እንደ ሚስቱ ዕቃ አጥቦ ወልውሎ አስቀምጦታል፣ ሶፋ የመሰለ ወንበር፣ መሪው እንደ ቅቤ፣ ፀሐዩ ሞቆ እግሩ ተፍታቷል፣ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ምንም፣ ሕመም የለም፣ ስድስቱ ሲሊንደር እንደ ሽማግሌ በቅሎ አይቸኩልም፣ አያለከልክም፣ ዳገቱን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ይበላዋል፣ ያንኑ ግንድ ጭኖ፣ ያንኑ አቀበት፣ በዳዳ ሳያውቀው ያፏጫል። ፈዬራ ዞር ይላል። ወደድከው። ፉጨቱን ያቆማል። ወደድከው በዳዳ፣ ታስታውቃለህ፣ ይሄን እንውሰደው በቃ፣ ዋጋው ላይ አትጨነቅ።

እያየሁት ነው።

ምኑን ነው የምታየው፣ ይላል ፈዬራ፣ ከዚህ ሌላ ምኑ ይታያል።

እውነቱን ነው፣ ምኑን፣ በዳዳ ራሱን ይጠይቃል፣ መልሱም ሳይጠራ ይመጣል፣ ቆሞ ሲጠብቅ የኖረ ነው፣ መምረጥ አይፈልግም። ይህን የመረጠ ለት ኦቦ ቱሉ ይመርቃሉ፣ እጅ ይጨበጣል፣ ጂቱ የፈዬራ ናት ይባላል፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሁለተኛ እንዳይነሣ። እስካልመረጠ ድረስ ግን ነገሩ ክፍት ነው፣ ዶጁ ቀለሙ አያምርም፣ የዚያኛው ጎማ ሳስቷል፣ ይሄ ይቆይ፣ ያ ይታይ፣ ፒካፕ ሲመርጥ የከረመው ባሏ ሆኖ ለመክረም ነው። ሌባ። የገዛ ሚስቱን ቀን በቀን የሚሰርቅ ሌባ። ከዳገቱ ጫፍ በስተምሥራቅ የካ ይታያል፣ ሚካኤል ከነዛፉ፣ ከሥሩ የነሱ የነበረው እርሻ፣ ጤፉ አሽቷል፣ የሰው ጤፍ።

ተመልሰው ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፈው ወደ የካ ሲታጠፉ ፈዬራ፣ አቁም፣ ይላል፣ ጂቱ ናት። ከገበያ እየተመለሰች ነው፣ ልጅቷን አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል፣ በዳዳ ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፣ እግሩ ግን ፍሬኑን ረግጦታል። ፈዬራ ይወርዳል፣ ግቢ፣ ፀሐይ ነው፣ እቤት እናድርስሽ፣ እሷ አንዴ ባሏን አንዴ መሪውን የያዘውን ታያለች፣ የቱን ባሏን፣ ልጅቷን ወደ ፊት አዙራ ታቅፍና መሐል ትገባለች፣ ፈዬራ ከዳር ሆኖ በሩን ይዘጋል።

ሦስት ሰው ይይዛል ብሎ ግሪኩ የነገራቸው እውነት ነው። ያውም ከነሕፃን።

ትከሻዋ ትከሻውን ይነካዋል። የማርሹ ዘንግ ከወለሉ ተነሥቶ ጉልበቷ አጠገብ ቆሟል፣ ሁለተኛ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ለማስገባት እጁ ቀሚሷን ሊነካ ነው፣ ስለዚህ አይቀይርም፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሽ ቀይር እንጂ ይላል ፈዬራ፣ ይሁን ደኅና ነው፣ ይጮኻል እኮ፣ ይጩህ። የሕፃን ወተት ይሸታል፣ የፀጉር ቅቤ ይሸታል፣ ፀጉሯ አድጓል፣ በሱ ሞት የተላጨችው።

ስሟ ማነው፣ ይላል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

ስድስት ወሯ ነው፣ ዛሬ ጠየቅከኝ፣ ትላለች ጂቱ። ዲንቄ ናት።

ዲንቄ። ጥሩ ነው።

ጥሩ ነው አትበለኝ። መቼ ነው የምትመርጠው። ፈዬራ ጣልቃ ይገባል፣ ጂቱ ተይ፣ ዛሬ ይመርጣል፣ እኔ ልናገር ትላለች፣ ድምፅዋን አታነሣም፣ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሞቷል አላችሁኝ፣ ተላጨሁ፣ ከግቢ አትውጪ አላችሁኝ፣ ቀረሁ፣ አልሞተም ተባለና ሽማግሌ ተቀመጠ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፣ ስለ በሬ ተወራ፣ ስለ መሬት ተወራ፣ ስለ መኪና ተወራ፣ ጂቱ ትምጣና ትናገር ያለ አንድ ሰው አልነበረም፣ አንተም በዳዳ፣ አንተም አላልክም፣ አቀርቅረህ እሺ አልክ፣ አይቼሃለሁ።

መንገዱ ይነጥራል፣ ግንዱ ኋላ ይንኳኳል፣ እውነቷን ነው፣ ኮረብታው ላይ ጥይት ሲያፏጭ ስሟን ይጠራ የነበረ ሰው እሺ አለ፣ ስሟን ሳይጠራ። እና አፉ ሳያስበው ይከፈታል። አሁን ብጠይቅሽስ።

ፈዬራ ወደ መስኮቱ ፊቱን ያዞራል። አይቆጣም። ይጠብቃል፣ እሱም እንደ በዳዳ፣ ሁለት ወንድማማቾች የአንዲት ሴት አፍ ይጠብቃሉ፣ ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ይጮኻል።

ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ፣ ትላለች ጂቱ፣ ያን በር ከፍቼ እወጣ ነበር። ከነሆዴ። አሁንማ ምን ትጠይቀኛለህ፣ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ።

ባሌ። ቃሉን አላጠነከረችውም፣ አላለሰለሰችውም፣ እንደ ዘንቢሉ፣ እንደ ልጅቷ፣ የያዘችውን ነገር እንደምትጠራ። ቀጥላም፣ አንዱን ያዝና ሂድልን በዳዳ፣ ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆነ፣ ፈዬራ እህል አይወርድለትም፣ ሌሊት አይተኛም፣ አንተን አንዴ ቀብረንሃል፣ በየቀኑ አንቀብርህም፣ ትልና ልጅቷን ወደ ትከሻዋ ከፍ ታደርጋታለች። እዚህ አውርደኝ።

የካ ሚካኤል መታጠፊያ ላይ ያቆማል። ፈዬራ ወርዶ ያወርዳታል፣ ዘንቢሉን ያቀብላታል፣ አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን ነጠላ ያስተካክልላታል፣ ሳያስብበት፣ በልማድ፣ ያ ልማድ ነው ከቃሉ ይልቅ በዳዳን የመታው። እሷ ዞር ሳትል ትሄዳለች። ፈዬራ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ሕፃኗ ያረጠበችው አለ፣ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል፣ ግሪኩ እንዳያይ፣ ይቅርታ የሚለው ለመኪናው ይሁን ለወንድሙ አይታወቅም።

በዳዳ ማርሹን ነክቶ ይተወዋል። ወተቱ ገና ይሸታል፣ መስኮቱን ያወርዳል፣ ይሸታል። ይህን መኪና ቢይዝ ነገም ይሸታል፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ብቻውን ሲነዳ፣ መሐል ላይ፣ ጉልበቷ በነበረበት።

ፎርዱን እወስዳለሁ።

ፈዬራ የሚጠርግበትን ጋቢ ይለቃል። ይሄን የወደድከው መስሎኝ። ፎርዱን ነው። እንዴት ሆኖ፣ በምን በለጠ።

የጀርባው አጥር፣ ስፖንዳው፣ ከፍ ይላል፣ ይላል በዳዳ፣ ብዙ ግንድ ይይዛል። ፈዬራ ራሱን ይነቀንቃል፣ እውነትህን ነው፣ ከፍ ይላል፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ደስ ያለው ይመስላል፣ ምክንያት አግኝቷልና፣ ማታ ለኦቦ ቱሉ ይነግራቸዋል፣ ስፖንዳው ከፍ ስለሚል ነው፣ ሽማግሌዎቹም ይቀበላሉ፣ አስተዋይ ልጅ ነው ይላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይበሉ፣ ይመርቁ፣ በዳዳ መኪናውን አዙሮ ግሪኩ ቤት ያደርሰዋል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ወንድይራድ ዘንድ በእግሩ ይሄዳል፣ ያነክሳል፣ ምን ቸገረው፣ እዚያኛው ውስጥ እሷ ተቀምጣ አታውቅም፣